የዋርድ መምህር ለምን አይመጣም?

ጥያቄ፦ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ትምህርት ክፍልን አስተባብራለሁ። «ማስተርስ ያለው ሌክቸረር» ብለን ማስታወቂያ ደጋግመን አውጥተናል። የሚያመለክቱት ግን ክፍል ውስጥ ማስተማር የሚፈልጉ ናቸው። ተማሪዎቻችን ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ሲወጡ አብሯቸው የሚቆም መምህር የለም። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ማስታወቂያችሁ የጠራው ሌክቸረር ነው፤ የመጣውም እሱ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ጠዋት ነርሶች ፈረቃ ሲረካከቡ ተገኝቶ እስከ ፈረቃው መጨረሻ ከተማሪዎቹ ጋር የሚውል ሰው ነው። ዋርዱን (ሕሙማን የሚተኙበትን ክፍል)፣ ቀኑንና ሰዓቱን ማስታወቂያው ላይ ጻፉት።

በመጀመሪያ ስንት ሰው እንደምትፈልጉ አስሉ። 48 ተማሪ በ8 ሲከፈል 6 ቡድን ይሆናል። እያንዳንዱ ቡድን በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 6 ሰዓት ከወጣ በድምሩ 108 የመምህር ሰዓት ነው። አንድ መምህር 18 ሰዓት ቢይዝ 6 መምህራን ያስፈልጋሉ፤ ለሕመምና ለወሊድ ፈቃድ ደግሞ ሰባተኛ ተጠባባቂ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል 8 ተማሪ ስለሚበዛ ቡድኑን ለሁለት ክፈሉት፤ ስሌቱም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ይህን ስሌት ይዛችሁ ዲኑ ዘንድ ግቡ፤ የዋርዱ ሰዓት በሙሉ እንዲቆጠር ጠይቁ። የተግባር ሰዓት ከሌክቸር ሰዓት ባነሰ ዋጋ በሚቆጠርበት ተቋም፣ 18 ሰዓት ዋርድ የቆመች መምህርት በወረቀት ላይ ሥራ የጎደላት ትመስላለች። ተጨማሪ ኮርስ ይጫንባታል፤ ቀስ በቀስ ዋርዱን ትተዋለች።

ሰውየውን ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፤ ልምድ ያላቸው ነርሶች ተማሪዎቻችሁ በሚወጡበት ሆስፒታል ውስጥ አሉ። ከፍተኛ ነጥብ ያመጣውን ተመራቂ በቀጥታ ረዳት መምህር አድርጎ ማስቀረት ቀላል ነው። ነገር ግን በሽተኛ በራሱ ኃላፊነት ይዞ የማያውቅ ሰው ስህተትን ቀድሞ አያይም።

የታደሰ የሙያ ፈቃድና የሥራ ልምድ ማስረጃ ካያችሁ በኋላ በቃለ መጠይቅ ብቻ አትቅጠሩ። አመልካቿን በሠርቶ ማሳያ ክፍል 20 ደቂቃ ፈትኗት። ትእዛዙ ሴፍትሪያክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ 750 ሚሊግራም ነው እንበል፤ 1 ግራሙ ቫያል (የመድኃኒት ብልቃጥ) ተበጥብጦ በድምሩ 10 ሚሊሊትር ሆኗል። ትክክለኛው 7.5 ሚሊሊትር ሲሆን ተማሪ መስሎ የሚጫወተው ሰው 10ሩንም ይቀዳል። ሲሪንጁን ነጥቃ ራሷ የምታስተካክል ጎበዝ ነርስ ናት፣ መምህርነቱ ግን ይቀራታል። ዝም ብላ የምታይን አትቅጠሩ። የምትፈለገው መድኃኒቱ ሳይሰጥ አስቁማ፣ ተማሪውን በሽተኛው ፊት ሳታሸማቅቅ ስሌቱን እንደገና የምታሠራው ናት።

ጥያቄ፦ ሆስፒታሉ ነርሶቹን አለቅም ቢልስ?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ እንዲለቅ አትጠይቁ፤ የጋራ ቅጥር ተዋዋሉ። ለምሳሌ 3 ቀን ለዩኒቨርሲቲው፣ 2 ቀን ለሆስፒታሉ። ደመወዙን ማን እንደሚከፍል፣ የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያዋ እንደማይቀር፣ በሌለችበት ማን እንደሚተካት በጽሑፍ ይስፈር። ከሁሉም በላይ «በማስተማሪያ ቀኗ በሽተኛ አይመደብላትም» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ሰው ያጠራት ሜትረን (የነርሶች ኃላፊ) ዋርዱ ውስጥ ነርስ ካየች መመደቧ አይቀርም፤ ያን ጊዜ 8ቱ ተማሪዎች ብቻቸውን ይቀራሉ። ማስተርስ የሌላትም በዚህ መንገድ ፕሪሴፕተር (ተማሪን በሥራ ላይ የምታሠለጥን ነርስ) ልትሆን ትችላለች፤ ውጤት መሙላቱን ግን ለኮርሱ ባለቤት ተዉት።