የ1966ቱ አብዮት ድርሰት ለከበዳችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ታሪክ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን «የ1966ቱን የኢትዮጵያ አብዮት መንስኤዎች ተንትኑ» የሚል የቤት ሥራ የተሰጣቸው ተማሪዎች፣ አንዳንዴም ወላጆቻቸው፣ ይጠይቁኛል። ድርሰቱን ለማንም አልጽፍም። መንገዱን ግን ደስ እያለኝ አሳያለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከአድዋ ድል ጀምሬ ሦስት ገጽ ጻፍኩና የካቲት 66 ሳልደርስ ወረቀቱ አለቀብኝ። ከየት ልነሳ?

መልስ፦ ከአንድ ቀን ተነሳ። እኔ ብሆን ጥር 4 ቀን 1966 ነገሌ ቦረና ላይ እጀምራለሁ። በዚያ የሰፈሩት ወታደሮች በምግቡና በውሃው ተማርረው አመፁ፤ ሊያነጋግሯቸው የመጡትን ጄኔራል ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው። ከምግብና ከውሃ የተነሳ አቤቱታ በስምንት ወር ውስጥ ዘውዱን እስከ መጣል እንዴት ደረሰ? ይህን ከጠየቅህ አድዋ ድረስ መሄድ አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ረሃቡን፣ የመሬት ሥሪቱን፣ የነዳጅ ዋጋውንና የተማሪዎችን ንቅናቄ ጽፌያለሁ። መምህሬ ግን «ዝርዝር ነው እንጂ ትንታኔ አይደለም» አሉኝ። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ልክ ብለውሻል፣ ልጄ። የጻፍሻቸው ሁሉ እውነት ናቸው፤ ግን አብዛኞቹ ከ1966 በፊትም ነበሩ። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው የተሰለፉት በ1957 ነው። የወሎ ገበሬ በ1965 በረሃብ ሲረግፍ መንግሥቱ አልተነቃነቀም። ስለዚህ እያንዳንዱን መንስኤ «ቀድሞም ከነበርክ ያን ጊዜ ለምን አልፈነዳህም?» ብለሽ አፋጥጪው።

ለዚህ ከሁሉ የሚረዳሽ የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ነው። የመሩት የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግፈዋቸው ወጡ፤ ሌላው ሕዝብ ግን አልተከተለም፣ የምድር ጦሩም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ቆመ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ።

አሁን 1966ን አጠገቡ አስቀምጪ። የካቲት 11 የታክሲ ሾፌሮች በነዳጅ ዋጋ፣ መምህራን በትምህርት ሥርዓቱ ክለሳ ምክንያት በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ። የካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። የካቲት 28 የሠራተኛ ማኅበራት አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጀመሩ። ሚያዝያ 12 ሙስሊሞች ለእኩልነታቸው አዲስ አበባን በሰልፍ ሞሉት፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። ይህን ሁሉ የጠራ አንድ መሪ አልነበረም። እያንዳንዱ የራሱን ብሶት ይዞ ነው የወጣው። ትልቁ ልዩነት ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ በ1953 ዙፋኑን ያዳነው ጦር በ1966 ራሱ ከብሶተኞቹ አንዱ ሆኖ ነበር። ድርሰትሽን በዚህ ላይ ብታቆሚው ዝርዝርሽ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ጥያቄ፦ «የ1966ቱ አብዮት» እየተባለ ንጉሠ ነገሥቱ የወረዱት በ1967 ነው ይላሉ፤ የውጭ መጻሕፍት ደግሞ ሁሉንም 1974 ያደርጉታል። የትኛው ልክ ነው?

መልስ፦ ሁሉም ልክ ናቸው። የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፤ ዓመቱ በተለወጠ ማግስት ማለት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ብትደምር የፈረንጁን ዓመት ታገኛለህ። በድርሰትህ ግን አንዱን አቆጣጠር ብቻ ተጠቀም። ሁለቱን ቀላቅሎ የጻፈ ተማሪ ውጤቱን ከመንስኤው ሲያስቀድም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ነው የምጽፈው። አባቴ በአዋጁ መሬታቸው የተወረሰባቸው ሰው ናቸው። ልጄ አያቱን ጠይቆ ቢጽፍ ይቀበሉታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፤ ዛሬ ነገ ሳትሉ ይጠይቃቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር ያልበለጠ ፈቀደ። አያቱ ያ ቀን በቤታቸው እንዴት እንደዋለ ሊነግሩት ይችላሉ፤ ይህን ከየትም መጽሐፍ አያገኘውም። ነገር ግን እርሻቸውን ያርስ የነበረው ጭሰኛ ያን ቀን እንዴት እንደዋለም ይጠይቃቸው። ከባድ ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ። በአክብሮት ከተጠየቁ የሚመልሱት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ «ደርግ አብዮቱን ነጠቀ» ብዬ ብጽፍ ነጥብ ይቀነስብኛል?

መልስ፦ ካስረዳህ አይቀነስም። ደርግ የተቋቋመው ሰኔ 21 ነው፣ አብዮቱ ከፈነዳ ከወራት በኋላ። «ያለ ምንም ደም» ብሎ ዘምሮ ኅዳር 14 ቀን 1967 ስድሳ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ሆኖም «መሬት ለአራሹ» የተባለውን ጥያቄ በአዋጅ የመለሰውም እርሱ ነው። ይህን የሚሸሽ ድርሰት ግማሽ ነው።

ጥያቄ፦ የረሃቡን ፊልም ከመንስኤዎቹ አንዱ አድርጌዋለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ቀኑን ተመልከት። የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ አገር የታየው በጥቅምት 1966 ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ግን ደርግ ከንጉሡ ድግስ ጋር እያፈራረቀ ያሳየው መስከረም 1 ቀን 1967፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። የካቲት ላይ አደባባይ የወጣው ሕዝብ በዚያ ምሽት ባየው ነገር ሊነሳሳ አይችልም። ረሃቡ ራሱ ከመንስኤዎቹ መካከል ይቆይ፤ ፊልሙን ግን ከየካቲቱ አንቀጽ አውጥተህ ዘውዱ ወደ ወደቀበት አንቀጽ አዛውረው።