ስምንት ዓመት የሠራህበትን ድርጅት ልትለቅ ነው? መጀመሪያ የብድር ውልህን አውጣ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ኮምቦልቻ ነኝ፣ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ታርጌቱ አስመረረኝ፣ ለቅቄ የራሴን ሥራ ብጀምር ይቆጨኝ ይሆን?» ነው ያልከው። ባንክ ነው አላልክም። ግን ታርጌት፣ ያ አምጣ የሚባለው የተቀማጭና የአዲስ ሂሳብ ኮታ፣ አስመረረኝ የሚል ከባንክ ሰው ሌላ ማን አለ? ስለዚህ እንደ ባንክ ሠራተኛ ነው የምመልስልህ። እኔም ደሴ አንድ ትልቅ ባንክ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቼ በ2015 ለቅቄያለሁ። አሁን ኮምቦልቻ የህንፃ መሣሪያ መደብር አለኝ። አብሽር፣ ጦሜን አላደርኩም።

«ሪስክ ያልወሰደ አያድግም» የሚሉህን ለጊዜው ተዋቸው። ብድርህን አይከፍሉልህም።

1. ቀኑን ምረጥ። የባንክ በጀት ዓመት ሰኔ ላይ ይዘጋል። ቦነሱም ጭማሪውም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ግንቦት ላይ ተናዶ የሚለቅ ሰው ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን ለድርጅቱ መርቆ ይወጣል። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያም በጽሑፍ ስጥ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለው እሱን ነው።

2. የሥራ ስንብት ክፍያህን አትተው። በራስህ ፈቃድ ብትለቅም 5 ዓመት ካገለገልክና ለሥልጠና የፈረምከው የማገልገል ግዴታ ከሌለብህ ይገባሃል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ለ8 ዓመት ሲሰላ ከ3 ወር ደመወዝ ትንሽ ያልፋል። ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ሁሉንም በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለባቸው።

አለባቸው ነው ያልኩት። መጀመሪያ ክሊራንስ የሚባለው፣ ዕዳም ንብረትም የለብህም የሚል ወረቀት አለ። ከካዝና፣ ከንብረት ክፍል፣ ከአይቲ፣ ከኦዲት፣ ከብድር ክፍል ፊርማ ስትሰበስብ ትከርማለህ። የደሴው ቶሎ አለቀልኝ። አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ስሄድ የሰው ኃይል ክፍል ያለው ሰውዬ ከስልኩ ቀና ሳይል «ፋይልሽ ከቅርንጫፍ አልመጣም» አለኝ። ፋይሉን እኮ እኔው ራሴ ታሽጎ ይዤው ነው የሄድኩት! ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ፖስታውን በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «በሲስተም ነው የሚመጣው» አለ። ያን ሁሉ ዓመት «የባንኩ ቤተሰብ» ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

በዚያ ላይ ለአክስቴ ልጅ በደመወዜ ዋስ ሆኜ ነበር። ምትክ ዋስ ካልቀረበ ክሊራንስ የለም ተባልኩ። አሁን በዚህ ኑሮ ማን ነው ለሰው ዋስ የሚሆነው? አንተም ለማንም ፈርመህ ከሆነ ከዛሬ ጀምረህ ምትክ አስፈልግ።

3. ብድሩ። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ።

የሠራተኛ የቤት ብድር ነበረኝ፣ በ7 በመቶ ወለድ። ሥራ ላይ እያለህ ስጦታ ይመስልሃል። ከመልቀቄ በፊት ወለዱ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኩ፣ ያውም ከአንድ በላይ ሰው። «ውልሽ እንዳለ ይቀጥላል፣ ምንም አይነካም» አሉኝ፣ ሁሉም በስልክ። ውሌን አንብቤዋለሁ። ስለ ወለዱ የሚለው «ባንኩ በሚያወጣው መመሪያ መሠረት» ብቻ ነው። መመሪያውን አሳዩኝ ስል «የውስጥ ሰነድ ነው» ተባልኩ። እኔ ያኔ የት ነበርኩ? ውስጥ!

ለቅቄ ወር ሳይሞላ ወለዱ ወደ ደንበኛ ተመን ተቀየረ። 17 በመቶ። 1,200,000 ብር ዕዳ 15 ዓመት ቀርቶት እንደሆነ አስበህ አስላው። በ7 በመቶ የወሩ ክፍያ ወደ 10,800 ብር ነው። በ17 በመቶ ወደ 18,500 ይጠጋል። ቤቱ ያው ቤት ነው፣ በረንዳ እንኳ አልተጨመረለትም። ስደውል ያ «ምንም አይነካም» ያለኝ ሰው «እኔ እንደዚያ አልኩሽ?» አለኝ። ምን ማስረጃ አለኝ?

ስለዚህ መልቀቂያህን ሳታስገባ በደብዳቤ ጠይቅ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገህ ቅጂው ላይ አስፈርም። መልሱም ቁጥርና ማህተም ይኑረው። ዝም ካሉህ ወለዱ ይጨምራል ብለህ ቁጭ በልና በደንበኛ ወለድ አስላው። ሱቅህ የመጀመሪያውን ዓመት ምንም ባያስገባ ያን መክፈል ትችላለህ? ካልቻልክ ቆይ፣ ዕዳውን ቀንሰህ ትወጣለህ።

«ሁሉንም ባንክ አውቃለሁ፣ ለሥራ ማስኬጃ ብድር አላጣም» ብለህም አትተማመን። እኔ የብድር ጥያቄ ባስገባሁበት ሰሞን፣ ነሐሴ 2015፣ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። የድሮ ባልደረቦቼ ሻይ ጋበዙኝ፣ ብድር ግን የለም። ሐምሌ 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል የቆርቆሮና የቀለም ዋጋ አበደ። በዱቤ ሰጥቼ በድሮው ዋጋ በተከፈለኝ ብር ያንኑ ዕቃ መልሼ መግዛት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ዱቤ የሚባል ነገር የለም፣ አጎቴም ቢሆን።

ይቆጨኛል ወይ? አዎ፣ አንዳንዴ። ልጄ ሲታመም የሕክምና ሽፋኑ ትዝ ይለኛል። ጡረታውም ቆሟል፣ ከኔ 7 በመቶ ከድርጅቱ 11 በመቶ ሲገባልኝ የነበረው። 2014ንም አንተ አትረሳውም። ጥቅምት ማብቂያ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ሁላችንም እግራችን ወደመራን ወጣን። እኔ ሰው ቤት ተጠግቼ ደመወዜ ይገባልኝ ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንመለስ ጎረቤቴ የሱቁን በር ከፍቶ ገባና ወዲያው ወጥቶ ደፉ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሚስማር አልተዉለትም። ያኔ እኔም ባለሱቅ ብሆን ኖሮ ዛሬ ምክር ሰጪ አልሆንም ነበር።

ታርጌቱ ግን አይናፍቀኝም። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ «ዛሬ ስንት ሂሳብ ከፈትሽ?» የሚል መልዕክት ይመጣልኝ ነበር። ዘመዶቼ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ነበር፣ አልፈርድባቸውም። አሁን ጠዋት ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እገባለሁ። ክረምት ላይ ጉሙ አስፋልቱን ስለሚሸፍነው መኪናው እየዳኸ ነው የሚወርደው፣ ብዘገይም የሚቆጣኝ የለም። ሁለት ልጆች ቀጥሬያለሁ። አንደኛዋ ቀለም ስትቀላቅል ሚዛን አትፈልግም፣ አይታ ነው የምታመጣው። ባለፈው የድሮ አለቃዬ መደብሬ ድረስ መጥቶ «እባክሽ ተቀማጭ አምጪልኝ» ብሎ ለመነኝ። ማኪያቶ አዘዝኩለት። ብሩን ግን ሌላ ባንክ ነው የማስገባው።

የብድር ውልህን ፎቶ አንስተህ በውስጥ ላክልኝ፣ ስምህንና የሂሳብ ቁጥርህን ሸፍነው። የትኛው አንቀጽ ላይ እንደሚይዙህ አሳይሃለሁ። ደብዳቤውንም እኔ አረቅልሃለሁ፣ መልቀቂያውን ግን እስከዚያ ከኪስህ እንዳታወጣ።