የኪራይ ፈረስና ኢንሹራንሱ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፈረሴን ለአንድ ዓመት ላከራይ ነው። ኢንሹራንስ የምገባው እኔ ነኝ ወይስ ተከራዩ?

መልስ፦ የሞትና የስርቆት ሽፋኑን በራስዎ ስም ይግቡ፤ አረቦኑን (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለውን ገንዘብ) ግን ተከራዩ እንዲሸፍን መዋዋል ትችላላችሁ። ፈረሱ ሲሞት ንብረት የሚያጣው ባለቤቱ ነውና ካሳውም ወደ እርሱ መሄድ አለበት። ተከራዩ በስሙ ከገባ ገንዘቡም የሚሄደው ወደ እሱ ነው፤ ከዚያ ተከራክሮ መቀበል የእርስዎ ጣጣ ይሆናል። የግድ በእሱ ስም ይሁን ከተባለ ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) ላይ ካሳ ተቀባይ ሆነው ስምዎ ይስፈር። በቃል መስማማት አይበቃም።

አረቦኑንም ተከራዩ በቀጥታ ለኩባንያው ከሚከፍል ይልቅ እርስዎ ተቀብለውት ይክፈሉ። አንድ ክፍያ ዘንግቶ ፖሊሲው ቢቋረጥ ወሬው የሚደርስዎ ፈረሱ ከሞተ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አረቦኑ ስንት ይደርሳል?

መልስ፦ ለሞት ሽፋን በዓመት ከፈረሱ ዋጋ ከ3 እስከ 5 በመቶ ብለው ይገምቱ። ዕድሜው ወደ 15 ዓመት ገደማ ሲደርስ ይጨምራል፤ ለዝላይ ወይም ለእሽቅድምድም የሚውል ፈረስም ለመዝናኛ ከሚጋለበው ይበልጣል። ለመዝናኛ ተብሎ የተመዘገበውን ፈረስ ተከራዩ ውድድር ላይ ካሰለፈው ኩባንያው ካሳ ለመከልከል ጥሩ ሰበብ አገኘ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በ80,000 የገዛሁትን በ120,000 ባስመዘግበውስ?

መልስ፦ ፖሊሲው "የገበያ ዋጋ" የሚል ከሆነ 120,000 ጣሪያ ብቻ ነው፤ የሚከፈልዎት ፈረሱ በሞተበት ዕለት የሚያወጣው ነው። ትርፉ የተጋነነ አረቦን መክፈል ብቻ ይሆናል። "የተስማሙበት ዋጋ" የሚል ፖሊሲ ከፈለጉ የሥልጠና ደረሰኝና የውድድር ውጤት ያዘጋጁ።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። ፈረሱን ሌሊት ቁርጠት ቢይዘው መጀመሪያ ለማን ልደውል?

መልስ፦ ካሳ የሚበላሸው በብዛት እዚህ ላይ ነው፤ ፈረሱ በአንዱ እጅ፣ ፖሊሲው በሌላው እጅ ስለሆነ። መሬት በሰኮናው ሲቧጥጥ፣ እየዞረ ጎኑን ሲያይ ወይም ሲንከባለል ካዩ ቅድሚያ ለሐኪም ይደውሉ። ሐኪሙ ሳያዝ ማስታገሻ አይስጡ፤ ምልክቱን ይሸፍንበታል። ወዲያው ለኩባንያው የድንገተኛ ስልክ፣ ቀጥሎም ለባለቤቱ። ፖሊሲዎች "ሳይዘገይ ማሳወቅ" የሚል ግዴታ አላቸው፤ ነገ ጠዋት ብሎ ማደር እንደ መዘግየት ሊቆጠር ይችላል።

ቀዶ ሕክምናም ሆነ ከስቃይ ለማሳረፍ መግደል የኩባንያውን ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ እስኪመጣ ሊጠበቅ የማይችል ስቃይ ከሆነ ሐኪሙ ይህንኑ በጽሑፍ ያረጋግጥ። ኩባንያው "ቅበሩ" እስኪል በድኑን አይቅበሩ፤ ተከፍቶ እንዲመረመር ሊጠይቅ ይችላል።

አንጀት ሲጠማዘዝ ጊዜው በሰዓታት ይቆጠራል። ስለዚህ ባለቤቱ ስልክ ባያነሳ እስከ ስንት ወጪ ድረስ እርስዎ መፍቀድ እንደሚችሉ የኪራይ ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። የፖሊሲው ቁጥር፣ ከቆዳው ሥር ያለው መለያ ማይክሮቺፕ ቁጥርና ሦስቱ ስልኮች ጋጣው በር ላይ ይለጠፉ።

ጥያቄ፦ ሳይሞት አንክሶ ለግልቢያ ባይሆንስ?

መልስ፦ የሞት ሽፋን አይከፍልም። ለዚህ የሚሆነው "ጥቅም የማጣት" ሽፋን ነው፤ ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከዋጋው ከፊሉን ብቻ ይከፍላል። ኪራዩ በዚያ ወቅት ይቋረጥ አይቋረጥ ውሉ ካልተናገረ ጠቡ አይቀርም። ከርክክብ በፊት በሐኪም ማስመርመርና የአራቱንም እግር ፎቶ መያዝ "ድሮም ነበረበት" የሚለውን ክርክር ያሳጥራል።

ጥያቄ፦ የሕክምና ወጪውስ?

መልስ፦ በሞት ሽፋኑ ላይ ተደርቦ ይገባል፤ ለብቻው እምብዛም አይሸጥም። ለእያንዳንዱ ሕመም ከካሳው የሚቀነስ መጠን አለ፤ ማን እንደሚሸከመው ውሉ ይለይ። ባለቤቶች የሚዘነጉት ግን ሌላ ነው፦ ዘንድሮ ለቁርጠት ካሳ ከተጠየቀ በእድሳቱ ላይ ቁርጠት ከሽፋን ሊወጣ ይችላል። ተከራዩ ውሉን ጨርሶ ሲሄድ ክልከላው ከፈረሱ ጋር ይቀራል። ለዚህም ሲባል ተከራዩ ከዚህ ኪሳራ የተወሰነ ድርሻ እንዲሸከም በውሉ ላይ ቢጻፍ ተገቢ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ፈረሱ ሰው ቢረግጥብኝስ?

መልስ፦ ያ የሚሸፈነው በሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ሽፋን ነው፤ ፈረሱ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ ነው፤ ከሞት ሽፋኑ ጋር አይገናኝም። የተጎዳው ሰው ሁለታችሁንም ሊከስ ስለሚችል ባለቤቱም ተከራዩም ሽፋን ይኑራቸው። ፈረሱ የሚያድርበት ማሳደሪያ ባለቤት የገባው ኢንሹራንስ ደግሞ በአብዛኛው በእጁ ላለው ፈረስ ጉዳት አይከፍልም፤ ለዚያ የተለየ ሽፋን መኖሩን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ወደ ሌላ ጋጣ ባዛውረው?

መልስ፦ ከመጫንዎ በፊት ለባለቤቱም ለኩባንያውም በጽሑፍ ያሳውቁ። ድንበር የሚያሻግር ጉዞ ከሆነ ፖሊሲው የሚሠራበትን ክልል ያንብቡና የሽፋን ማራዘሚያውን በእጅዎ ካስገቡ በኋላ ይነሱ።