ዘጠኝ ክፍል፣ ሁለቱ ቁልፍ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ከጅዳ ተመልሼ ኮምቦልቻ ነው ያለሁት። ያጠራቀምኩትን ብር የሚከራይ ቤት ልገዛበት አስቤያለሁ። ደላላ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ዘጠኝ ክፍል ያለው ግቢ አሳየኝ፤ 4.2 ሚሊዮን ብር። እያንዳንዱ ክፍል በወር 2,500 ይከራያል፣ ስትገዢው ደግሞ ትጨምሪበታለሽ አለኝ። በሄድኩበት ቀን ሁለቱ ክፍሎች ተቆልፈው ነበር። ሌላው ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ያለ ቪላ ነው። 4 ሚሊዮን ይላሉ፣ ኪራዩ 12,000። አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያምራል። እናቴ ደሴን ትላለች። እርስዎስ?
(የኮምቦልቻ አንባቢ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ እነዚያን ሁለት ቁልፎች ልብ ማለትሽ ደስ ብሎኛል። ለባንክ ቤት ስገምት በኖርኩበት ዘመን ኪራዩን ከሻጭ አፍ ተቀብዬ አላውቅም።

በደላላው አፍ ከሄድን ግቢው በዓመት 270,000 ያስገባል። ብርሽ በአሥራ አምስት ዓመት ተኩል ይመለሳል። ሁለቱን ክፍል አውጪ፤ 210,000 ይሆናል፣ ሃያ ዓመት። እውነተኛው ኪራይ 2,200 ሆኖ ከተገኘስ? 184,800 ነው፤ ወደ ሃያ ሦስት ዓመት ተጠጋ። ግብሩና ጥገናው ገና አልተነሳም።

ስለዚህ ያለ ደላላ ተመልሰሽ ሂጂ። ቀን አይደለም፣ ተከራዩ ሥራ ላይ ነው። ማታ፣ ፋብሪካው ሲለቀቅ። ደጁ ላይ ያለችውን ሱቅ "ክፍል እየፈለግሁ ነበር፣ እዚህ ስንት ነው?" ብለሽ ጠይቂ። ዋጋውን እሷ ታውቀዋለች። ተከራዮቹን ልጆች አንድ ክፍል ስንት ሆነው እንደተከራዩ ጠይቂ። ሦስት አራት ሆነው የሚያዋጡ ከሆነ አንዷ ከሥራ ስትወጣ ኪራዩ ይንገዳገዳል። መጸዳጃው ስንት ነው? ውሃ በስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የጋራ ነው? የኪራይ ቤት ጠብ ሁሉ መነሻው ቆጣሪ ነው።

ፓርኩ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል አስወጣች፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፋ ልብስ ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ቀረ። የክፍሎችሽ ኪራይ በሌላ አገር ውሳኔ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። እንደ እድል ሆኖ ኮምቦልቻ ፓርክ ብቻ አይደለችም። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ አሉ። ከፓርኩ ሌላ ወደ አንዱ በእግር የሚያስኬድ ግቢ ቢሆን ዋጋ ጨምሬም እመርጠዋለሁ።

"ትጨምሪበታለሽ" ያለሽን እርሺው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፤ ልኩንም የሚወስነው ተቆጣጣሪው አካል ነው። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም።

ወደ ደሴው። ሙሉ ዓመት ቢከራይ እንኳ ሃያ ስምንት ዓመት ግድም ይፈጃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቀለሙ ነው። ጦሳ ሥር መሬት ይንሸራተታል፤ የደሴ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሻጩ የቀባው የራሱን ቤት ነው፣ የጎረቤቱን አጥር አልቀባም። እሱን እዪ። ተሰንጥቋል? አዘንብሏል? በሮቹን አንድ በአንድ ክፈቺ ዝጊ፣ የሚይዝ ካለ ግድግዳው ተንቀሳቅሷል። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲጠግብ ብታዪው ደግሞ የተሻለ ነው። እናትሽ ሊኖሩበት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ለኪራይ ግን አልገዛውም።

ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ካርታው በማን ስም እንዳለ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከማዘጋጃ ቤት አጣሪ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ።

ማታ ሄደሽ ሰባት ክፍል በ2,200 መሆኑን ካረጋገጥሽ በ3.4 ሚሊዮን ጀምሪ። ደላላው ይቆጣል። ኮሚሽኑ ከዋጋው ላይ ነው የሚታሰበው፣ ይቆጣ። ከ3.7 ካለፈ ግን ተይው፤ ሌላ ግቢ አይጠፋም።