ምጣዱን ከሂሳቡ አውጣው

ወንድሜ፣ አራት ባለ 550 ዋት የፀሐይ ፓነል፣ «5 ኪሎዋት» ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ የሚቀይረው) እና ሁለት ባለ 200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ ብገዛ አዲስ አበባ ላይ መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ምጣዱንም ይችላል ወይ ብለህ ለጠየቅከው፦ አይችልም። ቀብድ ካልከፈልክ ቆይ።

1. ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ 24 ቮልት ነው፤ በ200 ሲባዛ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት። ጄል ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር በእጅህ የሚቀረው 2.4 ብቻ ነው። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይስባል ብንል ከባትሪው 160 አምፔር ገደማ ይፈልጋል። ባትሪው ላይ የተጻፈው 200 ግን በ10 ወይም በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲለቅ የሚሰጠው ነው። በ160 ስትመጠው አቅሙ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ እያለ ግማሽ ሰዓት ይቆይ ይሆናል፤ ሲደክም ግን ምጣዱ ሳይግል ኢንቨርተሩ እየጮኸ ይዘጋል። ሻጮቹ ይህን አጥተውት አይደለም።

2. አብዛኛው ትክክለኛ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር 48 ቮልት ይፈልጋል። በ24 የሚሠራ ነው ካሉህ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን አንብብ፤ 5 ያሉት ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት የሚሸከመው ሊሆን ይችላል። የተጻፈው 5 ኬቪኤ ከሆነ ደግሞ በ0.8 ፓወር ፋክተር (ከኬቪኤው እንደ ኪሎዋት የሚወጣው ድርሻ) 4 ኪሎዋት ነው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ዕቃው በደንብ አይቀዘቅዝም። ብዙ አምራቾች ከ2,000 ሜትር በላይ አቅሙን ቀንሳችሁ ቁጠሩ ይላሉ፤ ያንን የመመሪያ ገጽ የሚገልጥ ግን የለም።

ብሩ ካለህ በጄሉ ፋንታ ባለ 51.2 ቮልት (ለ48 ቮልት ኢንቨርተር የሚሆን) 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ውሰድ፤ ከ5.1 ኪሎዋት ሰዓት 4ቱን ሳትሰጋ ትጠቀማለህ። በእሱ፣ በበጋ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ፓነሎቹ 1.6 ኪሎዋት ባትሪው ደግሞ ቀሪውን እየሰጡ አንድ ሰዓት ተኩል መጋገር ይቻላል። ማታ ወይም ሐምሌ ላይ አታስበው። የኔ ምክር ምጣዱና የውሃ ማሞቂያው በዋናው መስመር ይቅሩ፤ ለፍሪጅ፣ ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለዋይፋይ የተለየ የብሬከር ሳጥን አሠራ። እነዚህ በቀን ከ2 እስከ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃቸዋል። አራቱ ፓነሎች በበጋ 8 ያህል ያመነጫሉ፤ በክረምት ግማሹን ቁጠር።

3. ጣሪያው ላይ፦ የአንዱ ፓነል ክፍት ቮልቴጅ (ምንም ሳይያያዝበት ያለው) ወደ 50 ነው፤ አራቱ በተከታታይ 200፣ በኅዳር ብርድ ማለዳ 210። የኢንቨርተሩ የፓነል መግቢያ 145 ቮልት ብቻ የሚችል ከሆነ ይቃጠላል፤ እንዲህ ከሆነ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ ቀጥለህ ሁለቱን ጥንዶች ጎን ለጎን አጣምር። የፓነሉ መስመር ላይ የቤት ብሬከር ሊገጥም የመጣን ሠራተኛ ከመሰላሉ አውርደው። ኤሲ (የቤቱ ኤሌክትሪክ) በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ብሬከሩ ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ ይጠፋል፤ ዲሲ (የፓነልና የባትሪ ኤሌክትሪክ) ዜሮ ስለማይነካ ብልጭታው ብሬከሩ ውስጥ እየነደደ ያቀልጠዋል። «ያው ብሬከር አይደል?» የሚለው መልስ ቤት ያቃጥላል። የፓነሉ ብሬከር የዲሲ ይሁን። ለሊቲየሙ ባትሪ 35 ካሬ ሚሊሜትር ገመድና፣ ባትሪው አፍ ላይ፣ 125 አምፔር ፊውዝ።

ደግሞ የአውሮፓ ቪዲዮ አይተው ፓነሉን ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ አዘንብለው የሚያቆሙት አሉ። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን፤ ከሚያዝያ 6 እስከ ነሐሴ 23 ገደማ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ናት፣ እንዲያ የቆመ ፓነል በሰያፍ ብቻ ያያታል። ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ይበቃል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥባል። ቡሎኑ ቆርቆሮውን አልፎ ሞራሌው ውስጥ ይግባ፣ በእጥፉ አናት ላይ፣ ከነጎማው። የሮቶው ጥላ ጠዋትም ማታም አንዱንም ፓነል እንዳይነካ፤ በተከታታይ ሲሆኑ የአንዱ ጥላ የሌሎቹንም ጉልበት ሊጎትት ይችላል።

ኢንቨርተሩ ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አንስተህ እዚህ ልቀቀው፤ የመግቢያ ቮልቴጁን እናይልሃለን።