ከካታሊና 22 በፊት ተጎታቿን ይመርምሩ

ጋሼ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ የልጅ ልጆችዎን ይዘው ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ላይ የሚንሸራሸሩባት ትንሽ ባለሸራ ጀልባ እየፈለጉ መሆኑን ጽፈዋል። ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከነተጎታቿ በ3,200 ዶላር የምትሸጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተሠራች ካታሊና 22 አግኝተው «ልግዛት ወይስ ልተዋት? ከገዛኋትስ ምን ላሟላላት?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም የዚህችኑ ዓይነት ጀልባ ለዓመታት ከግቢዬ ወደ ውኃው ስጎትት ስለኖርኩ የማውቀውን በሰፊው ልጻፍልዎ።

ምርጫዎ ጥሩ ነው። ካታሊና 22 እ.ኤ.አ. ከ1970 ገደማ ጀምሮ ከ15,000 በላይ የተሠራች ጀልባ ናት፤ ስለዚህ ዕድሜዋ 40 ዓመት ቢያልፍም መለዋወጫዋ ዛሬም ይገኛል። ርዝመቷ 21 ጫማ ተኩል፣ ክብደቷ 2,250 ፓውንድ ገደማ ነው። ከሆዷ ሥር በዊንች (ሽቦ በሚጠቀልል የእጅ ማንሻ) የሚወርድና የሚነሣ 550 ፓውንድ የሚመዝን ብረት አላት፤ ባለቤቶቹ ኪል የምንለው ነው። ኪሉ ሲነሣ ሁለት ጫማ ውኃ ይበቃታል፤ ሲወርድ ደግሞ አምስት ጫማ ትፈልጋለች። የቼሳፒክ አማካይ ጥልቀት 21 ጫማ ብቻ ስለሆነና ገባር ወንዞቹ ከዚያም በጣም ስለሚያንሱ፣ እንዲህ ያለ ኪል ለዚህ ውኃ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል።

ሰው ጀልባ ሊገዛ ሲሄድ በቀጥታ ወደ ውስጥ ገብቶ ፍራሹን፣ መስኮቱንና የቀለሙን ማብራት ያያል። እርስዎ ግን ከመሬት ይጀምሩ። ጀልባዋ፣ ተጎታቹ፣ ሞተሩና ዕቃው ሲደመሩ ወደ 3,500 ፓውንድ ይጠጋሉ፤ መኪናዎ ይህን መጎተት መቻሉን ከመመሪያው ያረጋግጡ። ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛው ያህል በመኪናው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ተጎታቹ በፍጥነት መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። የጎማውን ዕድሜ በጎኑ ላይ ካለው ቁጥር ያንብቡ፤ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግሩዎታል። ስድስት ዓመት ካለፈው ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ይቀየር፤ የጀልባ ተጎታች ጎማ በመሄድ ሳይሆን በመቆምና በፀሐይ ነውና የሚያልቀው።

ከጎማው በላይ የሚያሳስበኝ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው። ተጎታቹ አውራ ጎዳና ላይ ሲሮጥ የጎማው እምብርት ይግላል። እንደ ጋለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይኮማተርና በላስቲክ መዝጊያው በኩል ውኃ ይስባል። በዚህ ጊዜ ግራሶው እንደ ወተት ይነጣል፤ ብረቱም ዝገት ይጀምረዋል። እያንዳንዱን ጎማ በክሪክ ያንሡት፤ በእጅዎ ያሽከርክሩትና ያዳምጡ፤ ከዚያም ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። የሚያንኳኳ ወይም የሚያጓራ ከሆነ የኩሽኔታውን ዋጋ ከሚከፍሉት ላይ ይቀንሱ። ከገዟት በኋላ ደግሞ ውኃ ዳር ሲደርሱ ወዲያው አያስገቧት። መጀመሪያ ደረቅ ቦታ ላይ ምሰሶውን ያቁሙ፤ ያ ሥራ እስኪያልቅ እምብርቱም ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ ኪሉ። ጀልባዋ ተጎታች ላይ እንደተቀመጠች ኪሉን በደንብ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ሻጩ ጀልባዋን በማንሻ ወደሚያነሡበት ቦታ እንዲወስዳት ይጠይቁት። ኪሉ ተንጠልጥሎ ሳለ የታችኛውን ጫፍ ወደ ጎንና ወደ ጎን ይግፉት። ትንሽ መላወስ ያለ ነው፤ «ኳ፣ ኳ» እያለ የሚመታ ከሆነ ግን የሚዞርበት ወፍራም ፒን ወይም ፒኑን የያዙት ብረቶች ተበልተዋል። ከሥሩ ግን በጭራሽ አይግቡ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ከመግቢያው ደረጃ ሥር ያለውን የዊንቹን ሽቦ ይመልከቱ። ሽቦው ከጀልባዋ ወለል የሚወጣበት አጭር የጎማ ቱቦ አለ። ሰው ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው፤ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ውኃ የሚገባው በዚያ ነው። ቱቦውን ከነማጥበቂያዎቹ መቀየር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ኪሉ ወርዶ በፍጥነት ሲሄዱ ከሥርዎ የሚያንጎራጉር ድምፅ ቢሰሙ አይደንግጡ፤ ሽቦው በውኃው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ የካታሊና 22 ባለቤቶች ሁሉ የምናውቀው ድምፅ ነው።

የላይኛውን ወለል በመፍቻ እጀታ እያንኳኩ ይሂዱ፤ በተለይ በምሰሶው እግርና ሽቦዎቹ በሚታሰሩበት ዙሪያ። በፋይበር ግላሱ መካከል እንጨት አለ። ጥርት ያለ ድምፅ ጤና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ውኃ ገብቶ መበስበሱን ያሳያል።

ምሰሶውን የሚይዙት ሽቦዎች እያንዳንዳቸው 19 ክር የማይዝግ ብረት ናቸው፤ የማይዝግ ይባል እንጂ ከጫፉ መያዣ ውስጥ ሆኖ ይዝጋል። በሽቦው ላይ ስስ ወረቀት ወይም ጥጥ ይሳቡበት፤ ከነጠቀው የተበጠሰ ክር አለ ማለት ነው። ሻጩ መቼ እንደተቀየሩ መናገር ካልቻለ፣ እኔ ብሆን ሳልከራከር ሁሉንም እቀይራቸዋለሁ። ሙሉው በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል፤ አንዱ ሲበጠስ የሚወድቀው 25 ጫማ ምሰሶ ደግሞ ልጆቹ በተቀመጡበት ላይ ነው።

ምሰሶውን ስለማቆም ትንሽ ልዘግይ፤ እንዲህ ያሉ ጀልባዎች በየግቢው ሸራ ተሸፍነው የሚቀሩት በዚህ ሥራ ምክንያት ነውና። ምሰሶው ወደ ኋላ ተጋድሞ እግሩ ጣሪያው ላይ ባለው ማጠፊያ በፒን ይያያዛል። የጎን ረጃጅሞቹ ሽቦዎችና የኋላ አጫጭሮቹ እንደታሰሩ ይቆያሉ። የፊት አጫጭሮቹ ግን ምሰሶው እስኪቆም ስለማይደርሱ መፈታት አለባቸው። ተጋድሞ ሳለ ከፊት በገመድ ቢጎትቱት ኃይሉ ወደ እግሩ ይሄዳል እንጂ አያነሣውም። ስለዚህ ስድስት ጫማ ያህል የብረት ቧንቧ ከምሰሶው እግር ላይ ወደ ፊት ያቁሙና በጎን በገመድ ይያዙት፤ ገመዱ ከምሰሶው ወደ ቧንቧው ጫፍ፣ ከዚያም በፑሌጃ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ይሂድ። እንዲህ ከሆነ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ብቻውን ረጋ ብሎ ያቆመዋል፤ ደክሞት ቢያርፍ እንኳ ገመዱን ማሰር ብቻ ነው። ምሰሶው በሚነሣበት ጊዜ ዓይንዎ ከሽቦዎቹ መወጠሪያዎች ላይ አይነሣ። አንዱ በመያዣው ውስጥ ጋደል ብሎ ከቀረ ሽቦው ሲወጠር ጥርሱ ይታጠፋል፤ የታጠፈ መወጠሪያ ደግሞ ተቃንቶ አይመለስም።

ከሁሉም በፊት ግን ቀና ብለው ይዩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት አጠገብ ምሰሶ አይነሣም፤ ምሰሶው የቆመ ጀልባም በሽቦ ሥር አይጎተትም። ምሰሶው አሉሚኒየም ነው፤ በዚህ መንገድ የሞቱ ሰዎች አሉ። ይህን ለልጅ ልጆችዎም በግልጽ ይንገሯቸው።

ስለ ማሟያው፣ ብዙዎች የፊት ሸራው በገመድ የሚጠቀለልበትን መሣሪያ እንዲገዙ ይመክሩዎታል። ጀልባዋ ማረፊያ ላይ የምትከርም ብትሆን እኔም እስማማ ነበር። በየጊዜው ለሚጎትታት ሰው ግን የመሣሪያው ረጅም ቧንቧና ከበሮ ምሰሶ በሚነሣበት ጊዜ ሌላ ጣጣ ነው። በመንጠቆ የሚታሰር የፊት ሸራና ወደ ታች የሚስብ አንድ ገመድ ይበቃዎታል። ያንን ገንዘብ ዋናውን ሸራ ለማሳነስ በሚያስችሉ ገመዶች ላይ ያውሉት። ንፋሱ 12 ኖት (በሰዓት 14 ማይል ገደማ) ሲደርስ፣ ልጆች ይዘው ከሆነ፣ ጀልባዋ ሳትጋደል ሸራውን ያሳንሱ። ሞተር ከአራት እስከ ስድስት የፈረስ ጉልበት፣ ዘንጉ ረጅም የሆነ ይሁን፤ አጭሩ በማዕበል ጊዜ ከውኃ እየወጣ ባዶውን ይጮሃል። አነስተኛ ቪኤችኤፍ የመገናኛ ራዲዮ ይያዙ፤ የአደጋ ጥሪው በቻናል 16 ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በድንገት ስለሚመጣ ማለዳ ወጥተው ምሳ ሳይደርስ መመለስን ልማድ ያድርጉት።

የሕይወት አድን ጃኬት ለተሳፋሪው ሁሉ ያስፈልጋል፤ የልጆቹ በየክብደታቸው ይገዛ። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባዋ በምትሄድበት ጊዜ ሁሉ ይልበሰው። ሜሪላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 1972 ጀምሮ የተወለደ ሰው ለመንዳት የጀልባ ደህንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። እርስዎን ባይመለከትም ልጅዎ መሪውን የሚይዝ ከሆነ ቀድሞ ይውሰድ።

አንድ የሚያከራክር ነገር አለ። ኪሉን ወርዶ እንዳለ የሚቆልፍ ቡሎን አለ። ከተቆለፈ፣ ጀልባዋ ክፉኛ ብትጋደል ኪሉ ወደ ውስጥ አይመለስም። ነገር ግን ጥልቀት በሌለው ቦታ መሬት ቢነካ ወደ ላይ መታጠፍ ስለማይችል ጉዳቱ በጀልባዋ ወለል ላይ ያርፋል። እኔ በወንዞቹ ውስጥ እፈታዋለሁ፤ ሰፊው ውኃ ላይ ንፋስ ሲበረታ እቆልፈዋለሁ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ኪሉ ጤነኛ ሆኖ ሸራዎቹና ሞተሩ የሚሠሩ ከሆነ 3,200 ዶላር ተገቢ ነው። ሽቦው፣ ጎማውና ኩሽኔታው የሚቀየሩ ከሆነ ወጪያቸውን አስልተው ይቀንሱ። ሻጩ ኪሉን ተንጠልጥሎ ላሳይ ካላለ ትተዋት ይሂዱ፤ ሌላ ካታሊና 22 በዚያው ወቅት ያገኛሉ። ለጀልባዋና ለተጎታቹ ሁለት የተለያዩ የባለቤትነት ወረቀቶችን ይጠይቁ። ከጀልባዋ ጀርባ በቀኝ በኩል የተቀረጸ 12 ፊደልና ቁጥር አለ፤ ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩት። አንዱ እንኳ ከተለየ ሻጩ እስኪያስተካክል ገንዘብ አይክፈሉ።