ከምንጣፍ ጌጥ በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ በቅርቡ የሩሲያዊውን ሠዓሊ የቫሲሊ ካንዲንስኪን ሥዕሎች በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ብመለከት፣ ከቀለምና ከመስመር በቀር ሰውም ሆነ ዛፍ አጣሁባቸው። መሣል ስለማይችል ነው ወይስ ሥዕል እንዲህ መሆን አለበት ብሎ ያምን ነበር? እንዲህ ያለው ሥዕልስ ከምንጣፍ ጌጥ በምን ይለያል?
(አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመጨረሻው ጥያቄዎ ሠዓሊውን ራሱንም ያሳሰበ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1866 ሞስኮ የተወለደው ካንዲንስኪ የተማረው ሕግና ምጣኔ ሀብት ሲሆን፣ በዶርፓት (በዛሬዋ የኢስቶኒያ ከተማ ታርቱ) ዩኒቨርሲቲ የቀረበለትን የማስተማር ሥራ ትቶ ሥዕል ለመማር ወደ ሙኒክ ሲሄድ ዕድሜው 30 ደርሶ ነበር። ቀደም ሲል በ1889 የገበሬዎችን ልማዳዊ ሕግ ለማጥናት ወደ ሰሜን ሩሲያዋ ቮሎግዳ ተጉዞ ሳለ፣ ቤታቸው ከነዕቃው በደማቅ ቀለም አጊጦ ስላገኘው፣ ደፉን አልፎ ሲገባ ሥዕል ውስጥ የገባ ያህል እንደተሰማው ጽፏል። በ1896 ደግሞ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የክሎድ ሞኔን «የድርቆሽ ክምር» የተባለ ሥዕል ሞስኮ ላይ ሲያይ፣ የሥዕሉን ምንነት ያወቀው ከኤግዚቢሽኑ ዝርዝር አንብቦ ነው። ሠዓሊው እንዲህ አደናግሮ የመሣል መብት የለውም ብሎ ቅር ቢሰኝም፣ ሥዕሉ ከአእምሮው አልወጣ አለው። (እርስዎም አሁን ያሉት እዚያው ላይ ይመስለኛል።)

መሣልማ ይችላል፤ በደቡብ ጀርመን የምትገኘውን የሙርናውን ቤቶችና ተራሮች የሣለባቸው ሥራዎቹ ምስክር ናቸው። እምነቱን ያብራራው ግን በ1911 መጨረሻ ባሳተመው፣ ስለ ኪነ ጥበብ መንፈሳዊነት በሚያትተው መጽሐፉ ነው፤ በዚያም ሥዕል የሚመዘነው ከሠዓሊው «ውስጣዊ ግዴታ» በመመንጨቱ እንደሆነ፣ ቢጫ ወደ ተመልካቹ እንደሚገፋ፣ ሰማያዊ እንደሚርቅ፣ ቀለም እንደ ሙዚቃ ነፍስን በቀጥታ እንደሚነካ ይከራከራል። እኛስ ዋሽንት ሲነፋ የምን ምስል ነው ብለን እንጠይቃለን?

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን፣ ሠዓሊ ከተፈጥሮ ጋር ያለውን ትስስር ባንድ ጊዜ በጥሶ ቀለምና ቅርጽ ብቻ ቢደረድር ሥራው የከረባት ወይም የምንጣፍ ጌጥ ሆኖ እንደሚቀር ያስጠነቅቃል። ፈረሰኛው፣ ጀልባውና ተራራው ከሥዕሎቹ የጠፉት ቀስ በቀስ የሆነውም ስለዚህ ይመስላል፤ በ1913 በሣለው «ኮምፖዚሽን 7» ላይ እንኳ አጥኚዎች የጥፋት ውኃንና የመጨረሻውን ፍርድ ፍንጮች ያያሉ። እንደ እኔ አስተያየት፣ በዚህ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ምንጣፍ አያስብም። በ1920ዎቹ ባውሃውስ በተባለው የጀርመን የኪነ ጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት ሲያስተምር የሣላቸው፣ ክብና ሦስት ማዕዘን የበዛባቸው አንዳንድ ሥራዎቹ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥያቄዎን ሙሉ በሙሉ አያስቀሩትም።